ዳኛቸው ያጠፋው፣ እኔ ያላበራሁት

ኅዳር 9

ኮምፒውተሩን ያበራሁት ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ። ለሥራ የደረሰው ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስድስት። አሥራ አንድ ደቂቃ... ትናንት አሥር ደቂቃ ተኩል ነበር።

መርጌታ ተክለ ሃይማኖት እንደ ልማዳቸው አጠገቤ ተቀምጠው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ደገሙ። እሳቸው ሲጨርሱ ማሽኑም ይጨርሳል። "ደኅና ዲያቆን ነው፤ አያቋርጠኝም" ይላሉ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው የሕይወት ታሪካቸውን በቃል ያስጽፉኛል፤ ከቤተ ልሔም ድጓ ቤት የተማሪነት ዘመናቸው ጀምሮ። ሰበካ ጉባኤው እዚሁ ንፋስ መውጫ ከጽሕፈት ቤቱ አንዲት ክፍል ሰጥቶናል። አምስት ወር ሆነን።

ያቺን አሥራ አንድ ደቂቃ እወዳታለሁ። ከጸሎቱ በኋላ ጥቂት ከተረፈች የማይጻፈውን ያወሩልኛል። ማን የማንን ቆሎ እንደሰረቀ፣ ማን በዜማ ተሸንፎ እንዳለቀሰ። አንድ ነገር ብቻ አይነግሩኝም። በተማሪነታቸው ትምህርት አቋርጠው ስማዳ ለምን ወረዱ? ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። "እሱ ይቆይ" አሉኝ ሦስቱንም ጊዜ።

ዛሬ ሁለት ገጽ ጻፍን። ቅጂው ደኅና ነው። ከማሽኑ ጋር አብራ የምትነሳ አንዲት ፕሮግራም አስገብቻለሁ፤ በየጠዋቱ የተጻፈውን ሁሉ ከኋላ ወደተሰካው ፍላሽ ትገለብጣለች። የፍላሹ መብራት ብልጭ ብልጭ ሲል ልቤ ያርፋል።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ሥራ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዳኛቸው ያዘኝ። ሠላሳ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረን በአንድ ዓመት ጡረታ ወጣን፤ እኔ ሒሳብ፣ እሱ ስፖርት። "ነገ መጥቼ ሥራችሁን ልያት" አለ። ምን ሊሠራ?

ኅዳር 13

መጣ። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ቆሞ አየና፣ "ይኼ ኮምፒውተር ነው ሱባኤ የገባ መነኩሴ?" አለ። መርጌታ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከእኔ ጋር እንዲህ ስቀው ያውቃሉ?

"ማሽኑ እኮ አልደከመም። ገና ሲነሳ ደጁን የሚያንኳኳበት በዝቶ ነው። እየው፣ ጨዋታ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ የሌላችሁን ፕሪንተር የሚጠብቅ አለ። አሥራ ሦስት። አንተ የሒሳብ ሰው፣ እስከ ዛሬ አልቆጠርሃቸውም?"

አልቆጠርሁም። ያንገበገበኝ ይኼው ነው።

ስታርታፕ የሚለውን ገጽ ከፍቶ፣ አብረው የሚነሱትን አንድ በአንድ እየተጫነ አጠፋቸው። ሳይጠይቅ። ከዚያ ዘግቶ እንደገና አበራው። አርባ ሁለት ሰከንድ። ሰዓቴን ይዤ ነበር። መርጌታ አማትበው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ስክሪኑ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

"እጅህ ይባረክ" አሉት። ለእኔ በአምስት ወር አንዴ ብለውኛል፤ እሱም ጋቢያቸው ከመሬት ወድቆ ሳነሳላቸው።

ለባለቤቴ ለእሌኒ ነገርኋት። "ታዲያ ፈጠነላችሁ አይደል? ምን አስኮረፈህ?" አለችኝ።

"ማን አኮረፈ?"

"አንተዋ። ሽሮው ቀዝቅዟል።"

ኅዳር 15

ጾም ገባ። መርጌታ አሁን ውዳሴ ማርያሙን ከቤታቸው ደግመው ይመጣሉ። ሲቀመጡ ወዲያው ወደ ሥራ። ወሬ የለም። መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ "ዳኛቸው ዛሬ አይመጣም?"

ኅዳር 16

የፍላሹ መብራት ብልጭ አላለም። ትናንትም ከትናንት በስቲያም አላለም ይሆን? ያንን ገጽ ከፈትሁ። ከጠፉት መካከል የእኔዋ ገልባጭ አለች። ከጨዋታውና ከሙዚቃው ጋር አብሮ አጥፍቷታል። ምን እንደምትሠራ እንኳን አላየም...

አንድ መጫን ነው የሚፈልገው። ቀስቱን አምጥቼ ላይዋ ላይ አቆምሁት።

"ምን አየህ?" አሉ መርጌታ፣ ዝም ስል።

"ምንም፣ የኔታ።"

ገጹን ዘጋሁት። ቅዳሜ ሲመጣ እሳቸው ባሉበት፣ ረጋ ብዬ እጠይቀዋለሁ። "ዳኛቸው፣ የጽሑፉ ቅጂ የት ነው?" እላለሁ። ያልሠራ ተማሪ ሰሌዳ ፊት እንደሚቆም ይቁም። እስከዚያ ሁለት ቀን ነው። በሁለት ቀን ምን ይመጣል?

ኅዳር 18

ቅዳሜ። ዳኛቸው የባቄላ ንፍሮ ይዞ መጣ። ጥያቄዬን አፌ ላይ ይዤ ሳለሁ መርጌታ፣ "ዛሬ እስቲ እሱ ይጻፍ" አሉ። ከወንበሬ ተነሣሁ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። በሁለት ጣት ነው የሚጽፍ፤ ዶሮ ጥሬ እንደሚለቅም። እሳቸው ግን ይጠብቁታል። ይሥቁለታል።

አልጠየቅሁትም።

ኅዳር 24

የጎረቤት ለቅሶ ሄጄ በሰባት ሰዓት ብመለስ ዳኛቸው ፊቱ በርቷል። "የስማዳውን ነገሩኝ። ሦስት ገጽ ሙሉ! እንድርያስ፣ አንብበው፤ ታለቅሳለህ።"

የስማዳውን። ለእሱ። በአሥራ አንድ ቀን።

ፋይሉ እዚያው ነው። አልከፈትሁትም። ለሰው የተነገረውን ሰርቄ አላነብም አልሁ ለራሴ። እውነቱ ይኼ ነው? አይደለም። ባነበው ለእኔ እንዳልተነገረኝ በየመስመሩ ይነግረኛል ብዬ ነው።

ኅዳር 29

ጠዋት ስነቃ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ዳኛቸው ነው። ሳቁ ነው። ሳላዝዘው ይነሳል። ከጸሎቴ ይቀድማል።

ጽሑፉን በእጄ ልገልብጥ ብል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አላደረግሁም። ያጠፋ ያብራ። ደግሞስ ማን ጠየቀኝ? መርጌታ በነጋ በመሸ "ዳኛቸው" ይላሉ... ለንስሐ አባቴ ልናገር አስቤ ተውሁት። ምን ብዬ? አንድ ነገር አልተጫንሁም ብዬ?

ታኅሣሥ 9

መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣ። ጧ አለ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ማሽኑ አልነሣ አለ።

ታኅሣሥ 10

ጥገና የሚሠራው ካሌብ ከፈተው። ዲስኩ ተቃጥሏል፤ ውስጡ ያለው አይወጣም አለ። "ቅጂ የለም?" ፍላሹን ሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ አየ። ያለው እስከ ኅዳር 11 የተጻፈው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሠላሳ አራት ገጽ የለም።

አብሮን የነበረው ዳኛቸው ኅዳር 13 ስንት ነገር እንዳጠፋ አስታወሰ። ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። እሱን የምጠይቅበትን ንግግር ስንት ቀን አዘጋጅቼ ነበር... አላስፈለገም። ራሱ ወደ መርጌታ ዞሮ፣ "የኔታ፣ እኔ ነኝ። የምትገለብጠውን ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ሳላውቅ" አለ።

 እኔ የማውቀውን አልተነፈስሁም። እሱ ጥፋቱን አንድ ቀን ያህል እንኳን አልደበቀም። እኔ ሃያ አራት ቀን ደብቄአለሁ። ቆጠርሁ።

ታኅሣሥ 14

ዳኛቸው መምጣት ተወ። በደጃፌም አያልፍም፤ በላይኛው መንገድ ይዞራል።

ሰበካ ጉባኤው ሌላ አሮጌ ማሽን ሰጠን። አብረው የሚነሱትን ዘረዘርሁ፤ አሥራ አንድ ናቸው። በደብተር መዘገብሁ፦ ስሙ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ቢጠፋ ማን እንደሚጎዳ። እያንዳንዱን ሳላውቅ አልነካሁም። ሁለት ተውሁ። ዘጠኝ አጠፋሁ። አምሳ ሰከንድ። እኔም እችል ነበር ማለት ነው። ለካ ቀላል ነው።

ወንበሬ ተመልሷል። መርጌታ አጠገቤ ናቸው። የፈለግሁት ይኼ አልነበረም?

የጠፋውን እንደገና ጀመርን። ስማዳ ላይ ስንደርስ ቆሙ። "እሱን አልደግመውም። ለአንድ ሰው ነገርሁት፤ ወጣልኝ። ሁለተኛ አይወጣም።" ቆየት ብለው፣ "ዳኛቸው ታሟል?"

"አልታመመም፣ የኔታ።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

ታኅሣሥ 17

ዳኛቸው ቤት ሄድሁ። ደጅ ላይ የአጥሩን እንጨት ያስራል። ሳልቀመጥ፣ ገልባጯ መጥፋቷን አውቅ እንደነበር ነገርሁት።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለ።

"ከኅዳር 16።"

ልጡን ከእጁ አስቀመጠ። "ያን ጊዜ ሁሉ አጠገቤ ተቀምጠህ?"

"አዎ።"

"ንፍሮዬን እየበላህ።"

"አዎ።"

"እኔ እኮ ለሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እንድርያስ። የሽማግሌ ዕድሜ አቃጠልሁ ብዬ።" ልጡን መልሶ አነሣ። "ሂድ። አጥሬን ልጨርስበት።"

ሄድሁ። ቁጭ በል አላለኝም። ልክ ነው።

ታኅሣሥ 18

ለመርጌታም ተናገርሁ። ይቆጡ ይሆን ብዬ ነበር። ይልቅ የዝንብ ጭራቸውን አንድ ሁለት ጊዜ ወዘወዙት።

"ስማዳውን ከእኔ አፍ የሰማ ማን ነው?" አሉ።

"ዳኛቸው ነው።"

"እንግዲያ ከእሱ አፍ ተቀበል። እኛ ድጓውን ከመምህር አፍ ነው የወሰድነው፤ መጽሐፍ የነበረው ስንቱ ነው? እሱ ይናገር፣ አንተ ጻፍ። እኔ ሲሳሳት አርማለሁ። ቀኖናህ ይኼ ነው።"

ከዳኛቸው አፍ። እኔ ጸሐፊ፣ እሱ ተናጋሪ። አርባ ስግደት ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 21

መርጌታ ልከውበት መጣ። ሰላምታው ለእሳቸው ነው። እኔን አላየኝም። እሳቸው ሲቀመጡበት በነበረው ወንበር ተቀመጠና፣ "ጻፍ" አለ።

ጻፍሁ። ቤተ ልሔም ሳሉ አብሯቸው የሚማር የስማዳ ልጅ ነበር። በበሽታ ሞተ። ቀብረውት ሲያበቁ ይለብሰው የነበረውን የበግ ለምድ፣ ደበሎውን፣ ለእናቱ የሚያደርስ ጠፋ፤ መርጌታ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ተሸክመው ወረዱ። ሁለት ቀን በእግር። የእናትዬዋ ቤት ከወገዳ ከተማ ወዲህ፣ ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ።

"ያንን አፋፍ አውቀዋለሁ። ያደግሁበት ነው" አለ ዳኛቸው፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው።

እጄ ቆመ። ወገዳ... ሠላሳ ዓመት አብሬው አስተምሬ የት እንዳደገ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። መርጌታ ግን ጠይቀውታል። የነገሩትም ለዚህ ነው። እኔን ስለናቁ አልነበረም።

"ጻፍ እንጂ" አለኝ። ቀጠልሁ። ደበሎውን አውርደው ለእናትዬዋ ሰጡ። እሷም አላለቀሰችም። አንድ ነገር አለች።

"ምን አለች?" አልሁ።

ዳኛቸው አሰበ። "እሱን አልነገሩኝም። ከዚያ እናትዬዋ ወዳቀረበችላቸው እንጀራ ነው ያለፉት።"

ሁለታችንም ወደ መርጌታ ዞርን። ጭራቸው ጉልበታቸው ላይ ቆሟል። አይናገሩም ብዬ ነበር። አልደግምም ያሉት ነው። ግን ይህን ለማንም ተናግረውት አያውቁም፤ ስለዚህ መድገም አይሆንም መሰለኝ...

"'ልበሰው' አለችኝ። 'ልበሰውና እስከዚያች ዛፍ ሂድልኝ፤ ከኋላህ ልይህ።'"

"ለበሱት?" አለ ዳኛቸው።

"ለበስሁት። እስከ ዛፏ ሄድሁ። መመለሱ ከበደኝ። ስትጠራኝ በልጇ ስም ነው የጠራችኝ።"

ጻፍሁት። አንድም ቃል አልጨመርሁ፣ አልቀነስሁ። ለዳኛቸው አነበብሁለት፤ ራሱን ነቀነቀ።

ሲወጣ፣ "ነገስ?" አልሁት።

"ነገ አጥር አለብኝ" አለ። ከደጃፉ ዘወር ብሎ፣ "ከነገ ወዲያ ሦስት ሰዓት። እንዳታረፍድ።"