ዘሬን ስለ ቆጠሩልኝ ለአያ ስመኘው የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የሠፈራችን ሽማግሌና ዘር ቆጣሪ፣ ለአያ ስመኘው
ፍኖተ ሰላም

እንደምን ሰነበቱ አያ ስመኘው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም የሰው ግቢ አሻግሮ የሚያየው ዓይንዎ ደኅና መሆኑን ሰምቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። እኔም የከብት ሐኪሟ፣ ሞተር የምትነዳዋ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቷት ባል ያጣችው አምለሰት ደኅና ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ የጻፍኩት እርስዎም የእኔን ነገር በአደባባይ፣ በእድር ስብሰባ ላይ፣ ከተቀደደው ድንኳንና ከጠፉት ሰሃኖች ቀጥሎ ስላነሱት ነውና በድፍረት አይቁጠሩብኝ።

አንደኛ፣ ባል ለምን እንዳጣሁ ለሰው ሁሉ ሲያስረዱ ስለ ደከሙ ላግዝዎት። ጠያቂ አጥቼ አይደለም። ከአዴት የመጣው ሞተሬን እንድሸጥ ጠየቀኝ፤ ከመራዊ የመጣው ደግሞ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ማየቱ አስደንግጦት የማነበው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ የፈለግሁት ከለቅሶ፣ ከሠርግ፣ ከገበያና ከንግሥ ውጭ መንገድ የሚወጣ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ቡሬ ተገኘ፤ የውኃ ፓምፕ ጠጋኙ የሽዋስ። ልንዳው ሳይል፣ ሳያፍር፣ ከኋላዬ ሞተሩ ላይ ወጣ። ፈጠም ወንዝን ለማየት ብቻ ሄድን። በመንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ እያስቆመ ማን እንደ ሞተ ጠየቀን። ማንም አልሞተም ስንላቸው ቅር አላቸው።

ሁለተኛ፣ በኅዳር ወር የየሽዋስ ሽማግሎች አባቴ ዘንድ ሲመጡ፣ ሳይጠሩ መጥተው የሁለታችንን ዘር ስለ ቆጠሩልን ከልብ አመሰግናለሁ። ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባት ነውር መሆኑን እኔም አውቃለሁና ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ቢምረው የተባለ ሰው የእሱም የእኔም የሩቅ አያት ሆኖ በስድስተኛው ቤት መገናኘታችንን ነገሩን። አባቴ ቢጠራጠር፣ ቢምረው የእርስዎም ቅድመ አያት መሆኑንና ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው እንደሌለ በማተብዎ ማሉ። ሽማግሎቹ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ። የየሽዋስ እናት እትዬ ሀብትነሽ ልጄ እህቱን ሲያገባ ከማይ ሞቴን ያድርገው ብለው ተገዘቱ። እሱም መምጣት አቆመ። እናቱን ረግጦ የሚመጣ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም አልፈልገውም ነበርና አልፈረድኩበትም።

እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለጥቂት መስመር ያቆዩልኝ። እኔ አምኜዎት ነበር። ወንድሜን ወደድኩ ብዬ ገላዬን ተጸየፍኩት፤ ንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ አለቀስኩ፤ ሁለት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከደጀ ሰላሙ አላለፍኩም። ሌላውን ሁሉ ልተውልዎት እችላለሁ፣ ይህንን ግን አልችልም።

በጥር ወር ደግሞ አራት ሽማግሌ ወደ ቤታችን ላኩ። ለማን? ለልጅዎ ለዘመኑ፤ ባጃጅ ማቆሚያው ጋ ተቀምጦ ባለፍኩ ቁጥር በፉጨት ለሚሸኘኝ። አባቴ በጨዋ ደንብ ቢምረውስ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ዘሩ እንደገና ተቆጥሮ ስምንት ቤት መውጣቱን፣ እግዚአብሔር የፈቀደው ነገር መሆኑን መለሱለት። ከሩቁ የሽዋስ ጋር ስድስት ቤት የሆንኩት ሴት፣ ከእርስዎ ከራስዎ ልጅ ጋር በሁለት ወር ስምንት ቤት ራቅሁ ማለት ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል፤ እርስዎ ግን ዘመድነትን ሲፈልጉ የሚዘጉት፣ ሲፈልጉ የሚከፍቱት በር አደረጉት። ሽማግሎችዎም አክለው ከሠርጉ በኋላ ሞተሩን ዘመኑ እንደሚነዳው፣ እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላው በጎን እንደምቀመጥ አስረዱን። አያ ስመኘው፣ እኔ ከበሰበሰ የላም ቁስል እጄን አውጥቼ፣ ታጥቤ፣ ምሳዬን የምበላ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ምሳዬን እንዳለ ለውሻ ሰጠሁት። አባቴም እስከ በሩ ሸኛቸው።

የቀረውን ቅሬታ ቁጥር አልሰጠውም፤ ቁጥር ከእርስዎ እጅ ከወጣ ወዲህ አላምነውም። እኔው ራሴ በሞተሬ ቡሬ ሄጄ እትዬ ሀብትነሽን ለመንኳቸው። ማርያምን እየጠሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከኋላዬ ወጡ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ከፈቱት። የሄድነው ገጠር ወደሚኖሩት የባለቤታቸው አክስት፣ ወደ እማሆይ እህተ ማርያም ነው። ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ የየሽዋስንም የእኔንም ወገን በጣታቸው እየቆጠሩ እስከ ዘጠኝ ቤት ሄዱ፣ አልተገናኘንም። ስለ ቢምረው ስጠይቃቸው ግን ጣታቸውን ሰበሰቡ።

«ቢምረው? የአያቴ ወንድም እኮ ነው የኔ ልጅ። እሱማ እንኳን ልጅ ሊወልድ ሚስትም አላገባ። በልጅነቱ መንኩሶ፣ ገዳም ነው ያረፈ።»

እትዬ ሀብትነሽ እዚያው ጉልበቴን ይዘው ይቅርታ ጠየቁኝ። ይቅርታው የማን ዕዳ እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ ነው፤ ወደ ቡሬ የምንሄደው በሞተር ሲሆን ነጂዋም እኔ ነኝ።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የሠራነውን ሁሉ ቆመው እስኪያዩ ድረስ ያርዝመው እያልኩ፣ ለዓይንዎ ጥራት፣ ለምላስዎ ዕረፍት ዘወትር የምጸልይ፣

ስድስትም ስምንትም ቤት የማትዘምድዎ
አምለሰት

ማስታወሻ፦ ለእድሩ ይጠቅማል ብዬ እማሆይ የነገሩንን የዘር ሐረግ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ለጸሐፊው ለአቶ ተስፋው ሰጥቻለሁ። ቅር እንዳይልዎ የእርስዎንም ጨምሬበታለሁ። ከአያትዎ በላይ ያለውን መስመር ግን ባዶ ትቼዋለሁ፤ መነኩሴው ቢምረው አለመውለዳቸው ከታወቀ ዘንድ አያትዎ የማን ልጅ እንደሆኑ አጣርተው ቢልኩልን፣ እኛው እንጽፍልዎታለን።