አበጀ አልተመታም

ለባለቤቴ ለየሻረግ፣

የሻረጌ፣ እንደምን ከረምሽ? አንቺን አፈር ካለበስንሽ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ሆነ። ስለ እኔ ብትጠይቂ፣ ጉልበቴ ከተለየኝ ቆይቷል፤ ቀኝ ጆሮዬም መስማት የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው። «ድሮስ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ» እንደምትይ አውቃለሁ። በይ እንጂ፣ የናፈቀኝ እሱ ነው።

ቤቱ እንደተውሽው አይደለም። ደጃፉ ላይ የነበረውን ባሕር ዛፍ አስቆርጬዋለሁ፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጣሪያው ላይ ሲያንጎራጉርብኝ ሰለቸኝ። ደባርቅ የዞን ከተማ ሆናለች ይሉናል፤ እኔ ያየሁት ግን ባጃጅ ሲበዛ ነው። ድንቹ ዘንድሮ ደህና ነው። ዶሮዎችሽ አልቀዋል። ሁለቱን ሸለምጥማጥ በላቸው፣ የቀሩትን እኔ በላኋቸው። ለቃልኪዳን ሁሉንም ሸለምጥማጥ በላቸው ብያት ነበር፤ ዛሬ ግን እውነት ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩትና ከቀላሉ ልጀምር ብዬ ነው።

ቃልኪዳን የልጅ ልጃችን ከጎንደር ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳለች። እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ የምትኖረውም ከእኔ ጋር ነው። እሷ ለሰው «አባባን እየጦርኩ ነው» ትላለች፣ እኔ ደግሞ እያሳደግኋት ነው እላለሁ። ማን ልክ እንደሆነ ጎረቤት ይፍረድ።

ይቺ ልጅ ከሥራ ስትመለስ ላፕቶፗን ከፍታ አውሮፕላን ታበራለች። ጨዋታ ነው፣ ግን የልጅ ጨዋታ አይምሰልሽ። ሞተሩን ለማስነሣት ብቻ እኔ ድሮ አየር ኃይል ሳለሁ የማደርገውን ሁሉ ተራ በተራ ማድረግ አለባት። በየአገሩ ተበትነው በኢንተርኔት የሚገናኙ ሰዎችም አሉ፤ ሥራቸው የድሮ የአየር ውጊያዎችን ልክ እንደነበሩ አድርጎ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ማስገባት ነው። ስንት አውሮፕላን ተነሣ፣ ምን ጫነ፣ ምን ያህል ነዳጅ ያዘ፣ ማን ተመለሰ፣ ማን ቀረ፤ ይህን ሁሉ በረራ በበረራ፣ እኛ እንደምንለው ምልልስ በምልልስ፣ ይሠሩታል። ተሰብስቦ ሲያልቅ «ዘመቻ» ይሉታል። ከእነሱ አንዱ የእኛንና የሶማሌን ጦርነት ጀምሮት ነበር። ቃልኪዳን አገኘችና «አባባ፣ እስቲ ይዩት፣ ልክ ነው?» አለችኝ።

አየሁት። አውሮፕላኖቹ ታጥበውና ተወልውለው ሠርግ እንደተጠራ ሰው ተሰልፈዋል። በቀትር፣ በዚያ የቆላ ሙቀት፣ ቦምብ ተሸክመው የመንደርደሪያውን ግማሽ ሳይጨርሱ ብድግ ይላሉ። «ይህን የሠራው ሰው ቆላ ወርዶ አያውቅም ብለሽ ጻፊለት» አልኳት። ጻፈችለት። ይቆጣል ስል ሃያ ጥያቄ ላከብኝ። እንዲያ ሆኖ ተጀመረ።

ዓመት ከመንፈቅ ሠራን። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ይዤ የገባሁት የሥራ መዝገብ ደብተር ትዝ ይልሻል? አንድ ደብተርና አንድ ብሎን መፍቻ ይዤ ደጅ ብቅ ስል «ሃያ ዓመት አገልግለህ ያመጣኸው ይሄ ነው?» ብለሽ እስኪያምሽ ሳቅሽብኝ። ያ ደብተር አሁን የተከበረ ሰነድ ሆኗል። ቃልኪዳን እያንዳንዱን ገጽ በስልኳ አንሥታ ትልከዋለች። እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ ሙቀት ሲበረታ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም መንገድ እንደሚፈልግ፣ ነዳጅ በእጅ ፓምፕ የሞላንባቸውን ቀኖች፣ ጎማ የጠፋባቸውን ሳምንታት እነግራታለሁ። መብራት ሲጠፋ ጦርነቱ ይቆማል። ኔትወርክ ሲጠፋማ ለሳምንት ተኩስ አቁም ነው። አንድ ቀን ልታስደስተኝ ብላ በጨዋታው ወደ አገራችን ሰማይ በረረች። ሊማሊሞን አስተካክለው ሜዳ አድርገውታል፤ ስንት መኪና የጨረሰ ገደል። የእኛ ቤት የለችም። ግድ የለም፣ ጣሪያዋም ያፈስሳል።

ደክሞኛል፣ የሻረጌ። ዓይኔ ከስክሪኑ ላይ ተነቅሎ ሲመጣ እንባ ይዞ ነው የሚመጣው። ደግሞ የሞቱትን በየቀኑ በስማቸው መጥራት ለካ ድካም አለው። ሲነሡ እነግራታለሁ፣ ሲቀሩም እነግራታለሁ፤ እሷ ትመዘግባለች። እንዲህ እንዲህ እያልን የወንድምሽ ቀን ደረሰ።

አበጀ ታናሽ ወንድምሽ ለሰው ሁሉ መቶ አለቃ ነበር። እኔም በሰው ፊት ተረከዝ አጋጭቼ ሰላምታ እሰጠዋለሁ፤ የአውሮፕላኑ መሰላል ጫፍ ላይ ደርሰን ቀበቶውን ሳጠብቅለት ግን ሹመቱ መሬት ይቀራል። የእሱን አውሮፕላን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። የሚበር እሱ፣ ከመሬት ሆኖ የሚሳደብ እኔ። በዚያ ክረምት፣ በፍልሰታ፣ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። አንቺ ዳባት እናትሽ ቤት ነበርሽ። ፈቃድ ወስጄ መጥቼ «የጠላት ፀረ-አውሮፕላን መታው፣ ወዲያው ነው ያለቀው» አልኩሽ። ቃልኪዳንንም እንደዚያው አስጻፍኳት፤ የመድፉን ዓይነትና ቦታውን ሳይቀር ነገርኳት። ዘመቻው ለሙከራ ኢንተርኔት ላይ ሲለጠፍ አብሮ ተለጠፈ።

ከወር በኋላ ከሐርጌሳ አንድ ሽማግሌ ጻፈልን። የእሱም የልጅ ልጅ ነው የሚጽፍለት። ቃልኪዳን እየተረጎመች አነበበችልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ያን ቀን በዚያ ቦታ መድፉ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። እንዳንታይ ተደብቀን ስለነበር አንድም ጥይት አልተኮስንም። አውሮፕላኑ ቦምቡን ጥሎ ወደ ላይ ቀና አለ፤ ከዚያ ዝም ብሎ ወደ ጎን ዘመመ። ለምን እንደሆነ እኛም አልገባንም። በጦርነቱ የሠራሁት ይበቃኛል፤ ያልሠራሁትን አትጨምሩብኝ። የሰውየው ዘመዶች ካሉም ንገሩልኝ።»

ቃልኪዳን ዞር ብላ አየችኝ። «አባባ፣ ማን ነው ልክ?»

«ሰውየው አርጅቷል፣ ይዘባርቃል» አልኳት።

«ከእርስዎ በሦስት ዓመት ያንሳል እኮ፣ ዕድሜውን ጽፏል» አለችኝ። ይቺን ምላስ ከማን እንደወረሰች አንቺ ታውቂያለሽ።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በየፍልሰታው ስትሰግጂ የምትይው ነው ጆሮዬ ላይ የመጣው። «ያን የተኮሰውን ሰው እጁን አድርቅልኝ» ትይ ነበር፤ እኔም ከጎንሽ ቆሜ አሜን እል ነበር። ሰባት ልጅ እንዳለው ጽፏል ሰውየው። ትረግሚው በነበረው እጅ ሰባት ልጅ አሳድጎበታል።

በማግሥቱ ቃልኪዳን «እኔ ራሴ በርሬው ልየው» ብላ በአበጀ ፈንታ ገባች። ነዳጁንም ቦምቡንም እኔ እንደነገርኳት ጫነች። ደረሰች፣ ቁልቁል ተወረወረች፣ ጣለች፤ ከዚያ እጀታውን በኃይል ወደ ራሷ ሳበችው። ስክሪኑ ከዳር ዳር ጀምሮ ጠቆረ። «ይሄ መብራት ደግሞ ጠፋ» አልኩ።

«አልጠፋም» አለችኝ። «አውሮፕላኑ በኃይል ሲቀና ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይወርዳል። አብራሪው ራሱን ሲስት ጨዋታው ያጨልመዋል። ሰውየው ደክሞት ወይ ምግብ ሳይቀምስ ከሆነማ ይብስበታል።»

ይህን ስትል መሬት መሬት አየሁ። እሷም ገባት፤ የልጅ ልጅሽ አይደለችም? ኮምፒውተሩን ዘግታ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ለእሷ የነገርኳትን ነው አሁን ለአንቺ የምጽፍልሽ።

አበጀ አልተመታም፣ የሻረጌ። ይህን ከጓደኛው ከጎኑ ሲበር ከነበረው አብራሪ ያን ዕለት ሰምቻለሁ። «አልተተኮሰብንም፤ ቀና ሲል በሬዲዮ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም» ነው ያለኝ። አበጀ ይጾም ነበር። «ፍልሰታን ብትሽር እህት የለኝም በል» ብለሽ ጽፈሽለት ስለነበር ደብዳቤሽን ደረት ኪሱ ይዞ ነው የሚበረው። በባዶ ሆድ መብረር ክልክል ነው። ሐኪም ሲጠይቀው በልቻለሁ ይላል፤ እኔም አውቃለሁ፣ አልተናገርኩም።

ሦስተኛ ምልልሱ ነበር። ጠዋት ሁለት ጊዜ ደርሶ ተመልሷል፤ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። መሰላሉን ወጥቼ ቀበቶውን ሳጠብቅለት ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ከኪሴ ብስኩት አወጣሁለት። አየው፣ እጁንም ዘረጋ። የሻረጌ፣ እጁን ዘርግቶ ነበር። እኔ ግን ይቺ አፌ መቼ ታርፋለች፣ «የዳባቱ ጻድቅ፣ ለየሻረግ ባልጽፍላት» አልኩት።

ሳቀ። ሳቀና እጁን ሰበሰበ። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አብረን እንበላዋለን፣ አስቀምጥልኝ» ብሎኝ መስታወቱን ዘጋ።

አስቀመጥኩለት። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ አሥርም አለፈ። እጄን ኪሴ ስከት ብስኩቱ ደቅቆ ዱቄት ሆኗል።

እውነቱን ብነግርሽ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብለሽ ቀሪ ዕድሜሽን በዚያ ደብዳቤ እንደምትቃጠዪ አወቅሁ። ለአንቺ ብዬ ዋሸሁ። እንዲህ እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ስለ ብስኩቱ እንዳልነግርሽ ነው። ያንቺ ደብዳቤ አልገደለውም። እጁን ሲዘረጋ ደብዳቤሽን ረስቶት ነበር፤ ያስታወስኩት እኔ ነኝ። ባይራብስ ይተርፍ ነበር ወይ? ሐኪም አይደለሁም፣ አላውቅም። እንዳላውቅ ሆኜ ነው ያረጀሁት።

ቃልኪዳን አላጽናናችኝም፤ በዚህም አንቺን ነው የወጣችው። «እና ምን ብለን እንጻፍ?» አለችኝ።

ተቸገርን። የጨዋታው ሠንጠረዥ ነዳጁን በኪሎ፣ ቦምቡን በቁጥር ይጠይቃል፤ አብራሪው በልቶ እንደሆነ የሚሞላበት ቦታ የለውም። ግን ከእያንዳንዱ ምልልስ በፊት የሚነበብ አጭር ጽሑፍ አለና እዚያ ላይ እንዲህ አስጻፍኩ፦ «መቶ አለቃው አልተመታም። በዚያ ቦታ ማንም አልተኮሰበትም። ሦስተኛ ምልልሱ ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሰም። የሚያዘጋጀው ቴክኒሽያን ይህን እያወቀ አልተናገረም።» ቃልኪዳን የመጨረሻዋን እናውጣት አለችኝ። ልክ እንደነበር የሚሠራ ከሆነ እሷም ትኑር አልኳት።

ልትልከው ጣቷን ስታነሣ ግን «ቆይ» አልኩ። የማላውቀው ሰው ሁሉ በየአገሩ ከማንበቡ በፊት አንቺ ከእኔ መስማት አለብሽ። ይኸው ሰማሽ። ነገ ይላካል። ለሐርጌሳው ሰውም ለብቻው እጽፍለታለሁ፤ ዘመዱ እኔ ነኝ፣ ነግረውኛል እለዋለሁ። አንቺም እዚያው ለምትለምኚው አምላክ የዚያን ሰው እጅ ነገር ተሳስቼ ነው በዪልኝ። አሜን ያልኩትን እኔ ራሴ አነሣዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ላብቃ። ትናንት ቃልኪዳንን «አንድ ጊዜ ቀስ ብለሽ ሳቢው እስቲ» አልኳት። ቀስ ብላ ሳበችው። ስክሪኑ ትንሽ ደንገዝ ብሎ መልሶ ጠራ። ተራሮቹን አልፋ፣ መንደርደሪያውን አግኝታ፣ ጎማው አቧራ አስነሥቶ አረፈ። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። «አባባ፣ ወዴት ነው?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። መሰላሉን ላቀርብለት ነበር። ይቺን ጉልበት ይዤ።

ከነገ ወዲያ ፍልሰታ ይገባል። ሐኪሙ ክኒኑን በባዶ ሆድህ እንዳትውጥ ብሎኛል፤ ቃልኪዳንም ገና ካሁኑ ብስኩት ገዝታ መደርደሪያው ላይ ደርድራለች። አምና ሰድቤያት መልሼው ነበር። ዘንድሮ እጄን እዘረጋለሁ፤ እዚያ ሆነሽ እንዳትስቂብኝ። ከየፓኮው አንዱን ግን አልነካውም። እናንተ ዘንድ እስክመጣ ድረስ በየዓመቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ፣ ለአበጀ አስቀምጥለታለሁ። አስቀምጥልኝ ብሎኛል።

አፉ የማያርፈው ባልሽ
ደባርቅ