አቶ በርናባስ ዳንጊሶ እና የጃፓኗ ሴትዮ ድምፅ

አቶ በርናባስ ዳንጊሶ ከአባታቸው ከአቶ ዳንጊሶ ሀሜሶ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደስታነሽ ቡራቃ በሲዳማ፣ አለታ ወንዶ አካባቢ በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢው በነበረው የሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ የሚያስተምር አቅም በቤት ስላልነበረ በ1969 ዓ.ም. ወደ ሐዋሳ መጥተው የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ለመዱ፤ ቆይተውም እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ክፍለ ከተማ የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ።

በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ታቢታ ሹና ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ኢዮስያስንና ኢያኤልን ወልደዋል።

ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ከተማችንን ሲሞሉ ለአቶ በርናባስ ሌላ ሥራ መጣላቸው። መኪኖቹ በጃፓንኛ የሚናገር የሴት ድምፅ አላቸው። ሾፌሮች “ሴትዮዋ” ይሏታል፤ የምትለውን የሚያውቅ ስላልነበረ ዝም አሰኙልን እያሉ ይመጡ ነበር። አቶ በርናባስም የስፒከሯን ገመድ በመቁረጥ ስም አተረፉ። ልጃቸው ኢዮስያስ በአዲስ አበባ መስመር የሚኒባስ ሾፌር ሲሆን የእሱንም ሴትዮ ዝም ያሰኙት እሳቸው ናቸው።

ኢዮስያስ በ2006 ዓ.ም. ዝዋይ አጠገብ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ሕይወቱ አለፈ። ሲመላለስ ውሎ እንቅልፍ እንደጣለው የተረፉት ተሳፋሪዎች ተናገሩ።

ከሐዘኑ በኋላ አቶ በርናባስን አንድ ጥያቄ ያዛቸው፤ ያቺ ሴትዮ ምን ትል ነበር? ተዉት ያላላቸው ሰው የለም፤ ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው በኃይሉም ብያለሁ። ባለቤታቸው “ብታውቀው ልጄን አይመልስልኝ” ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ኢያኤልን በስልካቸው ላይ የጃፓንኛ መማሪያ አስጫኗት።

ቀላሎቹን ፊደላት በአንድ ክረምት ለዩ። ካንጂ የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ትርጉም የያዙት ግን ጉልበታቸውን ጨረሱት። መካከለኛው ደረጃ ላይ ደርሰው ለዓመታት እዚያው ቆሙ። ዛሬ ያጠኑት ነገ ይጠፋቸዋል፤ በዚያ ዕድሜ መማር በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። መነጽር ቀየሩ፣ ከሱ፣ ጨዋታቸውም ቀነሰ። እኛም ማየቱ ታከተን።

በ2011 ዓ.ም. ዘሪሁን የሚባል ሾፌር ከልጃቸው መኪና ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሚኒባስ ይዞ ሴትዮዋን ዝም እንዲያሰኙለት መጣ። አቶ በርናባስ ገመዱን ሳይነኩ ጎኑ ተቀምጠው ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ። ዝዋይ ሊደርሱ ሲሉ ሴትዮዋ ተናገረች፤ በስክሪኑም ላይ ጽሑፍ ወጣ። ከመካከሉ አንዱን ፊደል አያውቁትም ነበር። የሕመም ምልክት ከላይ እንደ ጣራ ከድኖት፣ ከሥሩ ቆዳ የሚለው ፊደል ተቀምጧል። ፊደሉን እዚህ ለማስገባት ለምነን ማተሚያ ቤቱ አልቻለም። በስልካቸው ፈልገው አገኙት፤ የድካም ፊደል ነው። ፁካሬሩ ማለት ደከመ፣ ሂሮ ማለት ድካም፣ ኦፁካሬሳማ ደግሞ ጃፓኖች ሥራ ውለው ሲለያዩ ስለ ድካማቸው የሚመሰጋገኑበት ቃል ነው። ሴትዮዋ፣ ያውም በአንቱታ፣ “ደክሞዎት ይሆን? ትንሽ አረፍ አይሉም?” ትል ኖሯል።

አቶ በርናባስ መኪናውን አስቁመው ወረዱና መንገድ ዳር ተቀምጠው አለቀሱ። ዘሪሁን ነገሩ ግራ ገብቶት ውኃ ሰጣቸው። ልጃቸውን አረፍ በል የምትለውን አፍ በገዛ እጃቸው መዝጋታቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ልናጽናናቸው ሞክረናል፤ ተጽናንተው ነበር ብንል ግን ውሸት ይሆንብናል። ይህ በዚህ ቦታ እንዲነበብ የፈቀዱት ወ/ሮ ታቢታ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የማንንም ሴትዮ ዝም አላሰኙም። ቀድሞ ዝም ያሰኟቸውን መኪኖች ገመድ መናኸሪያ ድረስ እየሄዱ መልሰው ቀጠሉ፤ የምትለውንም በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ጽፈው ከስክሪኑ ሥር ለጠፉ። ብዙዎቹ “ጋሽ በርናባስ፣ ራሳችንን አዞረችን እኮ!” እያሉ ሌላ ጋራዥ ሄደው አዘግተዋታል፤ እሳቸውም መልሰው ይለምኗቸው ነበር። ጋራዡ ሲዘጋ ሠራተኞቻቸውን “ኦፁካሬሳማ” ብለው ያሰናብታሉ፤ ልጆቹም ምርቃት መስሏቸው “አሜን” ይሉ ነበር።

አቶ በርናባስ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በአገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ተጠርተዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ታቢታን፣ ልጃቸውን ኢያኤልን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በእቅፉ ተቀብሎ ከልጃቸው ጋር ያገናኛቸው፤ ለቀረነውም ጉልበት ይስጠን።

ከወ/ሮ ታቢታ የተላለፈ ቃል፦ ከአዲስ አበባ፣ ከዲላና ከሞያሌ እየነዳችሁ የመጣችሁ ሾፌሮች፣ እባካችሁ ዛሬ መንገድ አትጀምሩ። ቤት ፍራሽ አንጥፌላችኋለሁ፤ እደሩና ነገ ትሄዳላችሁ።