ድንጋዩን ለጦይባ ስል ተሸከምሁ

ሰኞ

ጦይባ ዛሬም ስታዛጋ ዋለች። የልጄ ልጅ ናት፤ ከወህኒ ከወጣች ገና ሳምንት አልሞላትም። «አንቺ፣ ሐይቁን ከነዓሣው ልትውጪው ነው እንዴ?» አልኋት። ድሮ ቢሆን ያገኘችውን ትወረውርብኝ ነበር። ዛሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ላቧ ይንቆረቆራል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ሆዷ አልቆም ብሏል። ጎረቤቶቼ ጂኒ ነው ይላሉ። ጂኒ እኔ ቤት ምን ሊበላ ይመጣል?

ከሰዓት ራሷ ነገረችኝ። እስር ቤት የፈላ ድስት ጭኗ ላይ ተገልብጦባት ነበር። ለሕመሙ መርፌ ይወጓት ጀመር። ቁስሉ ሻረ፤ መርፌው ግን አልቀረም። መድኃኒት ጠባቂው በድብቅ ይሸጥላት ነበር። «አባባ፣ ሰውነቴ እሱን ነው የሚለምነኝ» አለች።

ማክሰኞ

በቅሎ ተውሼ ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ አልተጠየፋትም። «የሞርፊን ሱስ ነው። አስተኝቼ ልከታተላት እችላለሁ፤ ግን ከገበሬ ማኅበር የነፃ ሕክምና ወረቀት ያምጡ» አለኝ። «ሽበቴን አይተህ አታልፈኝም?» ስለው ሳቀ እንጂ አላለፈኝም። አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ፦ ሰውነቷ መርፌውን እየረሳ ነው፤ አሁን እንደ ድሮው ልክ ከተወጋች ትንፋሿ ሊቆም ይችላል።

ረቡዕ

ወረቀቱን የሚሰጠው የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰይድ ነው። አልሰጥም አለ። ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። ጦይባ የታሰረችው ወንድሟን ከብሔራዊ ውትድርና ጎተራ ውስጥ ደብቃ ነው። የምልምሎቹ ኮታ በእሱ ሲጎድል ሰይድ በምትኩ የራሱን ልጅ ሰጠ። የልጁ ወሬ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

«አያ ይማም፣ ስሟ ከማኅበሩ ተሰርዟል» አለኝ።

«አንተው ሰርዘህ አንተው መርዶውን ታረዳኛለህ፣ ጓድ?» አልሁት።

ምነው ይሄ ምላሴ! በሩን ዘጋብኝ።

ሐሙስ

የጦይባ መደብ ባዶ። ከገበያተኛው ጋር ከተማ ወርዳለች። እዚያ ቤቱ ውስጥ መርፌ የሚወጋ ሰው አለ። ለጉንፋኑም ለወገቡም ይወጋል፤ የኛ ሰው እንደሆነ ካልተወጋ የታከመ አይመስለው። ስደርስ ጦይባ ሰሌን ላይ ተዘርራለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሻሿን በመርፌ ለውጣዋለች። «ደክሟት ተኝታ ነው» ይላል ሰውየው። ያ ረቢ!

ድሬሰሩን አስጠራሁ፤ ሴት ሊያዋልድ ገጠር ወጥቷል አሉ። ጮህሁባት፣ በጥፊ አልሁ፣ ውሃ ደፋሁባት። «ተንፍሺ፣ አንቺ ሰነፍ!» ትተነፍስና ታቆማለች። ስታቆም እቆነጥጣታለሁ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዓይኗን ገለጠች።

«ለምን ቀሰቀስኸኝ?»

ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት ሰው ሲወጣ ማጅራቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ሰይድ እግር ሥር ተንበረከክሁ። የተበደለ ሰው የሚለመነው እንዲህ ነው፤ ተበዳዩ «አውፍ ብያለሁ» ብሎ ይቅር እስኪል ድንጋዩ አይወርድም። ለጉራ ብዬ ትልቁን መርጫለሁ፤ አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ።

«አያ ይማም፣ ይሄ የፊውዳል ልማድ ቀርቷል» አለ።

«ድንጋዩ መቅረቱን አልሰማም፤ እንደ ድሮው ይከብዳል» አልሁት።

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ያኔ ቀልዱን ተውሁ።

«ልጅህን ልመልስልህ አልችልም፣ ሰይድ። ትናንት የኔዋም ከእጄ ልታመልጥ ነበር። አውፍ በለን።»

ኋላ ድንጋዩን በገዛ እጁ አነሳልኝ። አውፍ ግን አላለም። ቢሮው ገብቶ ወረቀቱን ጽፎ ማኅተም መታበት፤ ሲሰጠኝ ፊቴን አላየኝም።

ቅዳሜ

ጤና ጣቢያ ተኝታለች። ድሬሰሩ ለሆዷና ለትውከቱ መድኃኒት ሰጣት። ሱሱን የሚያስለቅቅ መድኃኒት ግን እዚህ የለም፤ ችሎ ማሳለፍ ነው፣ ካለፈም በኋላ አምሮቱ ይመጣል አለኝ። አልዋሸኝም፤ ወደድሁት። ሾርባ አመጣሁላት፤ ግማሹን ጠጣች፣ ግማሹ ጋቢዬ ላይ ተመለሰ። «ጋቢው ከኔ ቀድሞ ጠገበ» ብላት በከንፈሯ ጥግ ፈገግ አለች።

«ሰይድ ምን አለህ?» ብላ ጠየቀች።

«ድንጋዩን አነሳልኝ። አውፍ ግን አላለም።»

«መቆም ስችል እኔ ራሴ እሱ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች።

ከወህኒ ከወጣች ወዲህ ስለ ወደፊቷ ስታወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደስታዬን እንዳታይብኝ ፊቴን አዞርሁ። ወዲያው መላ አካሏ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድሬሰሩን ልጠራ ተነሣሁ።