ጋላክሲዎችን የመዘኑት እትዬ ሚዛን

እትዬ ሚዛን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ነበሩ። ዝምታ ስለሚያበዙ እናታቸው፣ ይቺን ልጅ አንድ ቀን ሐሳብ ይዟት ይሄዳል እያሉ ይሰጉ ነበር። እንዳሉትም ሐሳብ ይዟቸው ሄደ፤ ያውም እጅግ ሩቅ።

በፊዚክስ ተመርቀው በሃያ አራት ዓመታቸው በከዋክብት ጥናት ተቋም በለኪነት ተቀጠሩ። ቴሌስኮፑ ያነሳውን የመስታወት ፎቶግራፍ ጠዋት ጠዋት በሰፊው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው በማጉያ ይመለከታሉ። ጋላክሲ ሚዛን ላይ አይወጣም። ነገር ግን ከዋክብቱ መሃሉን ይዞራሉ፤ ወደ እኛ የሚመጡት ብርሃናቸው ወደ ሰማያዊ፣ የሚርቁት ወደ ቀይ ፈቀቅ ይላል። ከዚያች ፈቀቅታ ፍጥነታቸው ይገኛል፤ ከፍጥነታቸውም ሁሉን ሰብስቦ የያዘው ግዝፈት ይሰላል። እትዬ ሚዛን መባላቸው ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው፤ የመዝገብ ስማቸውን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የተቋሙን ሌንስ ሠሪ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው፣ ሚስቴ ከሥራ ተመልሳለች፣ ሐሳቧ ግን ገና መንገድ ላይ ነው እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ለፍተው የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጋላክሲዎችን ግዝፈት ለኩ። ግዙፎቹ ጥቂት፣ ትንንሾቹ ግን እጅግ ብዙ መሆናቸውን የሚያሳየው ሰንጠረዣቸው በመጽሐፍ ታትሞ ተመሰገኑ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆነው፣ ልጃቸው ግቢው ውስጥ በብስክሌት ስትዞር ይመለከቱ ነበር። ከላይ ሲያዩዋት አትቀርብም፣ አትርቅም፤ በሩ ላይ ለቆሙት ዘበኛ ግን ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ፊቱን ወደ እኛ የዘረጋ ጋላክሲም እንዲሁ ፍጥነቱን ይሰውራል፤ ስለዚህ ምን ያህል እንዳዘነበለ ሳይታወቅ ግዝፈቱ አይታወቅም። ይህን ድሮም ያውቁታል። ነገር ግን ከመዘኗቸው ጋላክሲዎች የአርባ አንዱን ዝንባሌ ራሳቸው ሳይለኩ ከአንድ አሮጌ ዝርዝር እንዳለ መገልበጣቸው ትዝ አላቸው። ሻያቸው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ።

ሰኞ ፎቶግራፎቹን አውጥተው ሲለኩ ዝርዝሩ ስህተት ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ያሏቸው አርባ አንዱ ትንሽ አልነበሩም። የክፍሉ ኃላፊ፣ መጽሐፉ ወጥቷል፣ ማን ልብ ይለዋል፣ ተይው አሏቸው። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «እኔ አይቸዋለሁ እኮ» ብለው ወጡ።

የእርማት ደብዳቤውን በስማቸው ጻፉ። የታሰበላቸው ሹመት ቀረ፤ ኃላፊውም ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፈጓቸው። እትዬ ሚዛን ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ እንደገና ለኩ፤ አራት ዓመት ፈጀባቸው። በሁለተኛው ሰንጠረዥም ትንንሾቹ በዝተው ተገኙ፤ ብልጫቸው ግን በፊት ከተባለው ያነሰ ነበር። ሰንጠረዡ ባለቀ ዕለት ኃላፊው ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡና አዲስ ገቢዎቹን እንዲያስተምሩላቸው ለመኗቸው። ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ።

ባለቤታቸውን ከስድስት ዓመት በፊት በሞት ተነጠቁ። እሳቸውም በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው አለን።

በዕረፍታቸው ዋዜማ ተማሪዎቻቸው ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። ዛሬ ስንት ለካችሁ ሲሏቸው፣ እርስዎ ዘንድ ስለመጣን ምንም አልለካንም አሉ። «እንግዲያው ቀኑን አባከናችሁት» ብለው ፈገግ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያን ሁሉ ሰማይ የዘረጋ አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያሳርፍ።