ኮቱና የመጨረሻው ምዕራፍ

ወዳጄ፣
የልቦለዴን የመጨረሻ ምዕራፍ ሳትጠይቀኝ ቆርጠህ ጣልክ፤ የሞተችውን ልጅ አስነስተህ፣ ድረህ አሳተምከው። "ለአንባቢ አዝኜ ነው" አልክ።

እዚህ ከተከራየሁት ክፍል ፊት ለፊት አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ትናንት አንዲት ሴት የባሏን ኮት እንዲያሳጥርላት አመጣች።
"ራሱ መጥቶ ይለካ፤ ሰውየው በሌለበት መቀስ አላነሳም" አላት።
"የገዛ ባሌን ቁመት አንተ ልትነግረኝ ነው?"
"ባልየው ያንቺ ነው እትዬ፣ ኮቱ ግን የሱ ነው።"
እየሳቀች ኮቱን ይዛ ተመለሰች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። አንተ ለማታውቀው አንባቢ ስታዝን፣ ያቺ ልጅ የኔ ልጅ መሆኗን፣ አስከሬኗንም አብረን መሸከማችንን ረሳህ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? ስመለስ እንደ ወትሮው ብቅ በል። ስለ መጽሐፉ ግን እስክሞት ድረስ ከአፌ አንዲት ቃል አትሰማም።