ልጄ በአምስት ነጥብ ስለ ተሻለች የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሚስተር ራስል ፔንበርቲ
የአካባቢያችን የድጋፍ ውሳኔ ቢሮ ኃላፊ
ዋያላ፣ ደቡብ አውስትራሊያ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን እየተመኘሁ ይህን በጋዜጣ የምጽፍልዎ የኬሪን እናት ነኝ። ኬሪን ቢሮዎ በሦስት ወር ውስጥ ብልህ ያደረጋት የሃያ ሦስት ዓመቷ ልጄ ናት። ምስጋናዬ ስለ በዛ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. በመጋቢት የማሰብ ችሎታ ፈተና ተፈትና ስድሳ ስምንት አመጣች። ድጋፍ የሚሰጠው ከሰባ በታች ላመጣ ነውና ረዳቷ በየጠዋቱ እየመጣች የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ታስውጣት ነበር። ውጤቱ ከቢሮዎ ስለ ጠፋ፣ በሰኔ ያንኑ ፈተና እንድትደግም በትሕትና ስላዘዛችሁ አመሰግናለሁ።

፪. ኬሪን በመጀመሪያው ፈተና ቀን የፈተናውን ቀይና ነጭ ኩቦች እንደ ሥዕሉ መደርደር አቅቷት አልቅሳ ነበር የተመለሰችው። ስለዚህ ከእንጨት ቆርጬ፣ ቀለም ቀብቼ ሠራሁላት። ከእራት በኋላ በየቀኑ ስንደረድር ከረምን። ከሁለተኛው ፈተና ስትወጣ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ሰዓቱን ቀደምኩት!» ብላ አቀፈችኝ። ሰባ ሦስት። ያለማመድኳት እኔ ነኝ፤ ይህን በእናንተ ላይ አልጥልም።

፫. የጠፋው ውጤት በዚያው ሳምንት ስለ ተገኘም አመሰግናለሁ። ሁለቱን አስተያይታችሁ ረዳቷን አነሣችሁ። ያንኑ ፈተና ነው የደገመችው፣ ቤትም ተለማምዳለች ብዬ ስለምናችሁ፣ ጸሐፊዎ፣ «ወይዘሮ ሃርቲጋን፣ የማሰብ ችሎታ እኮ በልምምድ አይጨምርም። ስለዚህ የጨመረው የራሷ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት!» አለችኝ። እንዲህ ያለ ትምህርት በነጻ የት ይገኛል?

፬. እኔ ዳቦ ቤት የምገባው ገና ሳይነጋ ነው። ከሥራ እየደወልኩ «ዋጥሽ?» እላታለሁ። «አዎ እማዬ፣ አሁን እኮ ጎበዝ ነኝ» ትለኛለች። ረዳቷ በተነሣች በአሥራ አንደኛው ቀን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰጥማ አገኘኋት። የሦስት ቀን ክኒን ሳይዋጥ በሳጥኑ ውስጥ ነበር።

ኩብ መደርደር ተምራ ነበር፤ የተማረችው እሱን ብቻ ነው።

ለላቀው ጥንቃቄዎ እጅ የምነሣ፣
ኖኤሊን ሃርቲጋን

ማሳሰቢያ፦ ሦስት ደብዳቤ ልኬ ሦስቱንም ጸሐፊዎ አንብባ መለሰችልኝ። እባክዎ እርስዎም ይህን ፈተና በሦስት ወር ልዩነት ሁለቴ ይውሰዱት። ነጥብዎ መጨመሩ አይቀርምና፣ ያን ጊዜ ረዳት እንደማያስፈልግዎ ተቆጥሮ ጸሐፊዎ ትነሣልዎታለች፤ የልጄንም ስም ራስዎ ያነቡታል።